አንደበቱ የሚያዝ ልጅ፦ ከመፍረዳችን በፊት እንመርምር

አላህ (ሱ.ወ.) ለሰው ልጅ ከለገሳቸው ታላላቅ ጸጋዎች አንዱ ንግግር ነው። የሱረቱ አር-ረሕማን የመጀመሪያ አንቀጾች የሰውን መፈጠርና ሐሳቡን መግለጽ መማሩን አከታትለው ያወሱልናል። ይህ ጸጋ ግን ለሁሉም በእኩል መጠን አልተሰጠም። ቃሉ አፉ ላይ ደርሶ የሚያዝበት አለ። ድምጹ እየሻከረ የሚጠፋበት አለ። እድሜው ለትምህርት ደርሶ ሦስት ቃላት ማገጣጠም የሚያቅተውም አለ።

እኛ መምህራን እነዚህን ልጆች በየዓመቱ እናያቸዋለን። በመደበኛው ትምህርት ቤትም ሆነ በመድረሳ ብዙውን ጊዜ የሚቀመጡት ከኋላ ነው። ሲጠየቁ መልሱን እያወቁ አንገታቸውን ደፍተው ዝም ይላሉ። ጓደኞቻቸው «ተብታባ»፣ «ኮልታፋ» የሚል ስም ያወጡላቸዋል። በቤት ውስጥም አንዱ ወላጅ «ሲያድግ ይተወዋል» ብሎ ዓመታት ያሳልፋል፤ ሌላው «ሆን ብሎ ነው» ብሎ ይቆጣል፤ ሌላው ደግሞ «አእምሮው ዘገምተኛ ነው» ብሎ ከትምህርት ያስቀረዋል። ሦስቱም ሳይመረምሩ የፈረዱ ናቸው፤ የፍርዱን ዋጋ የሚከፍለው ግን ልጁ ነው።

ውድ አንባብያን፣ በዚህ ጽሑፍ ተመራማሪዎች ስለ ድምጽ፣ ስለ ንግግርና ስለ ቋንቋ ችግሮች የደረሱበትን፣ ችግሮቹ በምን ዘዴ እንደሚለዩ፣ ከወላጅና ከመምህር ምን እንደሚጠበቅ በአጭሩ እናቀርባለን።

ሦስቱን እንለይ

ብዙዎቻችን «የንግግር ችግር» ስንል ሦስት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ከረጢት ከተን ነው። የመስኩ ባለሙያዎች ግን ይለያዩአቸዋል።

የመጀመሪያው ድምጽ ነው። ከሳንባ የሚወጣው አየር በማንቁርት ውስጥ ባሉት ሁለት የድምጽ አውታሮች መካከል ሲያልፍ ያርገበግባቸዋል፤ ድምጽ የሚፈጠረው በዚህ ነው። አውታሮቹ ሲያብጡ ወይም ትናንሽ እባጮች ሲያወጡ ድምጽ ይሻክራል። በሚናገር ሰው ጉሮሮ ውስጥ እነዚህን አውታሮች የማየትን መንገድ ካሳወቁት ሰዎች ዋነኛው ሐኪም አልነበረም። ማኑኤል ጋርሲያ የተባለ ስፔናዊ የዜማ መምህር እ.ኤ.አ. በ1854 በትንሽ የጥርስ ሐኪም መስታወትና በፀሐይ ብርሃን የራሱን ማንቁርት ተመለከተ። በተከታዩ ዓመት ያየውን ለንደን ለሚገኘው የሳይንስ ማኅበር ለሮያል ሶሳይቲ አቀረበ። ዛሬ ሐኪሞች በቀጭን የካሜራ መሣሪያ የሚያደርጉት ምርመራ የዚያ ሥራ ተከታይ ነው።

ሁለተኛው ንግግር ነው። ይህም ድምጹ በምላስ፣ በከንፈር፣ በጥርስና በላንቃ ተቀርጾ ፊደል የሚሆንበት፣ ቃላቱም ሳይቋረጡ የሚፈሱበት ክፍል ነው። «ረ»ን «ለ» እያለ የሚናገር ልጅና የሚንተባተብ ልጅ ችግራቸው እዚህ ላይ ነው። ላንቃው ተሰንጥቆ የተወለደ ልጅም አየሩ በአፍንጫው ስለሚያመልጥ ፊደላቱ አይጠሩለትም።

ሦስተኛው ቋንቋ ነው። ቃላትን መረዳት፣ መምረጥና በሥርዓት ማገጣጠም ማለት ነው። ድምጽና ምላስ ጤነኛ ሆነው ቋንቋ ብቻውን ሊጎዳ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1861 ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ብሮካ በፓሪስ ያገኘው በሽተኛ የሚነገረውን ይረዳ ነበር፤ ከአፉ የሚወጣው ግን «ታን» የምትል አንዲት ድምጽ ብቻ ነበረች ማለት ይቻላል። ሰውየው ሲሞት ብሮካ አንጎሉን መርምሮ በግራው የፊት ክፍል ላይ ጉዳት አገኘ። እ.ኤ.አ. በ1874 ደግሞ ጀርመናዊው ካርል ቬርኒከ የተገላቢጦሹን ገለጸ። እርሱ ያጠናቸው በሽተኞች ቃላት እንደ ውኃ ይፈስላቸዋል፤ የሚሉት ግን ትርጉም አይሰጥም፤ የሌላውንም ንግግር በሚገባ አይረዱም።

ይህን መለየት ለምን ያስፈልጋል? መፍትሔው የተለያየ ስለሆነ ነው። ድምጹ የሻከረን ልጅ ፊደል ብናስደግመው ጉሮሮውን እናደክመዋለን። ቋንቋው የዘገየን ልጅ «ቶሎ ተናገር» ብንለው የሚናገረውን አናስገኝለትም።

የቀደምት ሊቃውንት ጆሮ

ይህ ዓይነቱ ምርምር በአውሮፓ የተጀመረ የሚመስለው ሰው ካለ ወደ በስራ ከተማ መለስ ይበል። በ255 ዓመተ ሂጅራ አካባቢ የሞተው የዐረብኛ ሊቅ አል-ጃሒዝ «አል-በያን ወት-ተብዪን» በተባለው መጽሐፉ የአንደበት ችግሮችን በዓይነት በዓይነታቸው መዝግቧል። ፊደልን በሌላ ፊደል መለወጥ በዐረብኛ ሉስጋ ይባላል። አል-ጃሒዝ ይህ ችግር የሚገባባቸው ፊደላት ቃፍ፣ ሲን፣ ላምና ራ መሆናቸውን ዘርዝሮ፣ እያንዳንዳቸው ወደ የትኛው ፊደል እንደሚለወጡ አስረድቷል። ከቋንቋ ሊቁ ከአል-አስመዒ ጠቅሶም በ«ተ» ላይ የሚንተባተበውና በ«ፈ» ላይ የሚንተባተበው የተለያየ መጠሪያ እንዳላቸው ጽፏል። የጥርስ መውለቅ በፊደላት ላይ የሚያመጣውን ለውጥ እንኳ አልዘለለም።

እርሱ ካወሳቸው ሰዎች አንዱ በ131 ዓመተ ሂጅራ የሞተው ዋሲል ኢብን ዐጣእ ነው። በዐቂዳ ጉዳይ የሙዕተዚላ መሪ በመሆኑ ከአህሉ ሱንና ዑለሞች ጋር መለያየቱ የታወቀ ነው። እዚህ ላይ የምናነሳው ግን ስለ አንደበቱ ነው። ዋሲል «ራ»ን በትክክል ማውጣት አይችልም ነበር። ስለዚህም ከንግግሩ ውስጥ «ራ» ያለበትን ቃል ሁሉ እያስወጣ በምትኩ ሌላ ቃል ያስገባ ነበር። ስንዴን «ቡር» ከማለት ይልቅ «ቀምሕ» ይላል። በኢራቁ ገዥ ፊት ያደረገው አንዲት «ራ» የሌለባት ኹጥባ በታሪክ ተመዝግባለች። ዛሬ የሚንተባተቡ ሰዎች የሚይዛቸውን ቃል ሸሽተው ሌላ ቃል እንደሚፈልጉ ባለሙያዎች ያውቃሉ። ሰሚው ምንም ላይታወቀው ይችላል፤ ተናጋሪው ግን በየዓረፍተ ነገሩ ይደክማል።

ታላቁ ሐኪም ኢብን ሲናም የፊደላትን አፈጣጠር ምክንያት የሚያስረዳ ራሱን የቻለ ጽሑፍ አለው። በዚያ ውስጥ የማንቁርትንና የምላስን አሠራር ከገለጸ በኋላ እያንዳንዱ ፊደል እንዴት እንደሚወጣ ይተነትናል። በመድረሳ መኻሪጅ የተማረ ሰው ይህ አዲስ አይሆንበትም፤ የፊደልን መውጫ ለይቶ የሚሰማ ጆሮ በተጅዊድ ትምህርት ይሠለጥናልና።

ሆኖም አንድ ነገር እናስተውል። አማርኛ ተናጋሪ የሆነ ልጅ «ዐይን»ን እንደ «አሊፍ»፣ «ሣ»ን እንደ «ሲን» ቢያነብ ይህ ሕመም አይደለም። እነዚያ ድምጾች በቤቱ ቋንቋ የሉም፤ ስለዚህ መማር ብቻ ይበቃዋል። በአማርኛም በዐረብኛም ያለውን «ረ» በሁለቱም ቋንቋ የማይችል ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በ27 ቋንቋዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶችን አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጽሑፍ እንደሚያሳየው፣ ልጆች 5 ዓመት ሲሞላቸው የቋንቋቸውን ተነባቢ ድምጾች አብዛኞቹን አሟልተው ይናገራሉ። የ3 ዓመት ልጅ ቢኮላተፍ አያስደነግጥም፤ 6 ዓመት ያለፈው ልጅ ንግግሩ የማይሰማ ከሆነ ግን መመርመር አለበት።

መንተባተብ፦ በስም የተደረገ በደል

በዚህ መስክ ታሪክ ውስጥ መምህር ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ አሳዛኝ ክስተት አለ። እ.ኤ.አ. በ1939 በአሜሪካ የአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበረው ዌንደል ጆንሰን፣ እርሱ ራሱ የሚንተባተብ ሰው ነበር፣ መንተባተብ የሚመጣው ወላጆች በልጁ ንግግር ላይ ከሚያበዙት ነቀፋ ነው የሚል ሐሳብ ነበረው። በእርሱ መሪነት ሜሪ ቱዶር የተባለች ተማሪ በዳቨንፖርት ከተማ በሚገኝ የወላጅ አልባ ልጆች ማሳደጊያ በ22 ልጆች ላይ ሙከራ አደረገች። ከእነዚህ መካከል ንግግራቸው ደኅና ለሆነ 6 ልጆች «እናንተ እየተንተባተባችሁ ነው፤ በትክክል መናገር ካልቻላችሁ አትናገሩ» የሚል መልእክት በተደጋጋሚ ተነገራቸው።

ልጆቹ መናገር ፈሩ፤ ዝምተኞች ሆኑ፤ በትምህርታቸውም ወደ ኋላ ቀሩ። ነገሩ ለብዙ ዓመታት ተዳፍኖ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2001 በጋዜጣ ይፋ ሲወጣ ዩኒቨርሲቲው ይቅርታ ጠየቀ። እ.ኤ.አ. በ2007 የአዮዋ ግዛት 925,000 ዶላር ካሣ ለመክፈል ተስማማ።

ይህ ሙከራ ስድብና ነቀፋ መንተባተብን እንደሚፈጥሩ አላረጋገጠም። ዛሬ የሚታወቀው መንተባተብ አንጎል ንግግርን ከሚያቀናጅበት መንገድ ጋር የተያያዘና በቤተሰብ የሚወረስበት ሁኔታ የበዛ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት በፓኪስታን የሚኖሩ፣ መንተባተብ የሚበዛባቸውን ቤተሰቦች መርምሮ ከችግሩ ጋር የሚዛመዱ የዘር ቅንጣት ለውጦችን አግኝቷል። እነዚህ ለውጦች የሚያስረዱት የሁሉንም ሳይሆን የጥቂቶቹን መንስኤ ነው። እንግዲህ ጥፋቱ የእናትም የልጁም አይደለም። ከአዮዋ የምንወስደው ትምህርት ግን ጸንቶ ይኖራል፦ ለልጅ መጥፎ ስም ማውጣት አንደበቱን ባያስይዘው እንኳ አፉን ያዘጋዋል።

ከ100 ልጆች 5 ያህሉ በአንድ ወቅት ይንተባተባሉ፤ የሚጀምረውም አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ዓመት ባለው እድሜ ነው። ከእነዚህ መካከል ከአራቱ ሦስቱ ያህል ይተዉታል፤ በአዋቂነት የሚቀጥለው ከ100 ሰው በ1 ሰው ገደማ ላይ ነው። ስለዚህ «ያድጋል ይተወዋል» የሚሉ ወላጆች ከግማሽ በላይ እውነት አላቸው። የትኛው ልጅ እንደሚተወው አስቀድሞ በርግጠኝነት ማወቅ ስለማይቻል ግን ዝም ብሎ መጠበቅ አደጋ አለው። ወንድ ልጅ ከሆነ፣ በቤተሰቡ ሳይተወው ያደገ ሰው ካለ፣ ከጀመረውም ዓመት እየሞላው ከሆነ ለባለሙያ ማሳየት ይገባል።

ባለሙያው ምን ያደርጋል? በመጀመሪያ ልጁ ሲጫወትና ሲያወራ ንግግሩን ይቀዳል። ቀጥሎም ይቆጥራል። «እኔ ትናንት፣ እኔ ትናንት ገበያ ሄድኩ» የሚል ልጅ እያሰበ ነው፤ ይህ በጤነኛ ልጆችም የሚታይ ነው። «ል-ል-ል-ልሂድ» ሲል፣ «ስስስስሙኝ» ብሎ ድምጹን ሲስብ ወይም አፉን ከፍቶ ድምጽ አልወጣ ሲለው ግን ይህ መንተባተብ ነው። እንዲህ ዓይነቱ መያዝ ከ100 ቀለማት (የቃል ክፍልፋዮች) መካከል 3 ጊዜና ከዚያ በላይ ከተቆጠረ እንደ ምልክት ይወሰዳል። ቁጥሩ ብቻውን ግን አይበቃም። ልጁ ሲናገር ፊቱን ያኮማትራል ወይ? እግሩን ይመታል ወይ? ቃል ይሸሻል ወይ? ስለ ንግግሩስ ምን ይሰማዋል? እነዚህ ሁሉ ይጠየቃሉ።

ለትናንሽ ልጆች ከተፈተኑት የሕክምና ዘዴዎች አንዱ በአውስትራሊያ ሲድኒ የተዘጋጀው የሊድኮም ዘዴ ነው። በዚህ ዘዴ ዋናው ሠራተኛ ወላጅ ነው። ወላጁ በባለሙያ መሪነት ከልጁ ጋር በየቀኑ ጊዜ ወስዶ ያወራል፤ ልጁ ሳይያዝ ሲናገር ያመሰግነዋል፤ ማረሚያው ጥቂትና ለስለስ ያለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በታተመና በኒውዚላንድ በ54 ልጆች ላይ በተደረገ ጥናት፣ በዚህ መንገድ የታገዙት ልጆች ካልታገዙት በተሻለ ሁኔታ መንተባተባቸው ቀንሶ ተገኝቷል። በመሠረቱ የተሠራበት መሣሪያ ጊዜ ወስዶ ማዳመጥና ማመስገን ነው።

ቋንቋው የዘገየ ልጅ

በብሪታንያ ሱሪ ግዛት ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ ሌላ የታወቀ ሕመም ሳይኖርባቸው ቋንቋ የሚያስቸግራቸው ልጆች ከ100 ልጆች ከ7 በላይ ናቸው። 30 ልጆች ባሉበት ክፍል ሁለት ልጆች ማለት ነው። 60 እና 70 ተማሪ በምናስተምርበት ክፍል ምን ያህል እንደሚሆኑ አንባቢው ያስላው። እነዚህ ልጆች አይጮኹም፤ አይረብሹም። ትእዛዝ ሲሰጥ ግራ ተጋብተው ጓደኛቸውን ያያሉ፤ እኛም «አይሰማም፤ ሰነፍ ነው» እንላቸዋለን።

«አይሰማም» የሚለው ቃል አንዳንዴ በቀጥታ እውነት ነው። ስለዚህ የማንኛውም የቋንቋና የንግግር ምርመራ በር ጆሮ ነው። ጆሮው እየመገለ የሚቆይ ልጅ ድምጾችን ቆርጦ ቆርጦ ነው የሚሰማው፤ የሚናገረውም እንደሰማው ነው። የመስማት ምርመራ ሳይደረግለት ስለ አእምሮው መናገር በደል ነው።

ቋንቋ እንዴት ይለካል? እ.ኤ.አ. በ1958 ጂን በርኮ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ ቀላልና ብልህ ዘዴ አቀረበች። የሌለ እንስሳ ሥዕል ለልጆች አሳይታ የሌለ ስም ሰጠችው፤ ከዚያም ሁለት ሲሆን ምን እንደሚባል ጠየቀች። በእኛ ቋንቋ «ይህ ዉግ ነው፤ አሁን ሌላ መጣ፤ ሁለት ምን አሉ?» እንደማለት ነው። «ዉጎች» ያለ ልጅ ቃሉን ከማንም አልሰማውም፤ ስለዚህ የብዙ ቁጥርን ሕግ ራሱ ይዞታል ማለት ነው። ይህ ፈተና በቃል ከተያዘ ነገር ይልቅ ልጁ ራሱ የሚሠራበትን ችሎታ ያሳያል።

በአገራችን ግን ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በቤቱ ስልጥኛ ወይም ኦሮምኛ፣ በትምህርት ቤት አማርኛ፣ በመድረሳ ዐረብኛ የሚሰማ ልጅ አለን። ይህን ልጅ በአማርኛ ብቻ ፈትኖ «ዘገየ» ማለት አይቻልም። እውነተኛ የቋንቋ ችግር ልጁ በሚናገራቸው ቋንቋዎች ሁሉ ይታያል፤ በእናቱ ቋንቋ ተረት የሚተርትና የሚቀልድ ልጅ አማርኛው ቢሰባበር አዲስ ቋንቋ እየተማረ እንጂ ታሞ አይደለም። ችግር ያለበትም ቢሆን ብዙ ቋንቋ መስማቱ የችግሩ መንስኤ አይደለም፤ ስለዚህ የእናቱን ቋንቋ ማስጣል አያስፈልግም። ለእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች የተዘጋጀን ፈተና ቃል በቃል ተርጉሞ መጠቀምም አያዋጣም፤ የቋንቋዎቹ ድምጽና ሰዋስው የተለያየ ነውና።

ለወላጅ የሚሆን ቀላል መመዘኛም አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 በአውስትራሊያ ተመራማሪዎች የቀረበና ከ60 በላይ ወደሆኑ ቋንቋዎች የተተረጎመ መጠይቅ 7 ጥያቄዎች ብቻ አሉት። የልጁ ንግግር ለእናንተ ይገባችኋል? ለቅርብ ቤተሰቦቹስ? ለዘመድስ? ለጓደኞቹስ? ለሚያውቁት ሰዎችስ? ለመምህሩስ? ለማያውቀው ሰውስ? መልሱ «ሁልጊዜ» ከሚለው እስከ «በፍጹም» በ5 ደረጃ ይሰጣል። እናት ሁሉን ትረዳለች፤ ባለ ሱቁ ግን አንድም ቃል ካልገባው ችግሩ በግልጽ ይታያል።

የመምህሩም ድምጽ

ስለ ልጆች ስናወራ ራሳችንን አንርሳ። በአሜሪካ አዮዋና ዩታ ግዛቶች ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት 1,243 መምህራንን በሌላ ሥራ ከተሰማሩ 1,288 ሰዎች ጋር አነጻጽሯል። በጥናቱ ወቅት የድምጽ ችግር የነበረባቸው ከመምህራኑ 11 በመቶ፣ ከሌሎቹ 6.2 በመቶ ናቸው። በሕይወት ዘመናቸው አንድ ጊዜ የገጠማቸው ደግሞ 57.7 በመቶና 28.8 በመቶ ናቸው። ሙአዚን፣ ዳዒና ቁርኣን አስቀሪ የሆነ ሰውም ከዚሁ ወገን ነው። ውኃ አዘውትሮ መጠጣት፣ ከመጮኽ ይልቅ እጅ አጨብጭቦ ክፍሉን ጸጥ ማሰኘት፣ ሲደክም ድምጽን ማሳረፍ ይጠቅማል። ከ4 ሳምንት በላይ የቆየ የድምጽ መሻከር ግን በማርና በዝንጅብል የሚታለፍ አይደለም፤ ማንቁርቱ በሐኪም መታየት አለበት።

ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ የልጁን ጆሮ እናስመርምር። ሁለተኛ፣ ችግሩ ከድምጽ፣ ከንግግር ወይስ ከቋንቋ መሆኑን ለመለየት ለአንድ ሳምንት ያህል በማስታወሻ እንመዝግብ፦ መቼ፣ ከማን ጋር፣ በየትኛው ቃልና በየትኛው ቋንቋ። ይህ ማስታወሻ ለባለሙያው ትልቅ እርዳታ ነው። ሦስተኛ፣ ልጁ ሲያዝ ቃሉን አንንጠቀው፤ «ቀስ በል፣ ተንፍስ» እያልን አናዋክበው፤ ዓይኑን እያየን እስኪጨርስ እንጠብቅ። አራተኛ፣ በማስደንገጥ፣ በመምታት ወይም እንጥል በማስቆረጥ አንደበት አይፈታም፤ እንጥል ማስቆረጥ ደም መፍሰስንና መመረዝን የሚያስከትል ጎጂ ልማድ ነው። አምስተኛ፣ በክፍል ውስጥ መሳለቅን እንከልክል። ሙስሐፍ የሚቀራ ልጅ ሲያዝ ቢያስፈልገው ከጓደኛው ጋር አብሮ እንዲያነብ እናድርግ፤ ብዙ የሚንተባተቡ ልጆች ከሌላ ሰው ጋር አብረው ሲያነቡ ይቀላቸዋል።

ለዚህ አያያዝ ከዲናችን የምናገኘው ምሳሌ ቅርብ ነው። ነቢዩላህ ሙሳ (ዐ.ሰ.) ወደ ፊርዐውን ሲላኩ ስለ ምላሳቸው መያዝ አላህን እንደለመኑና ከእርሳቸው ይልቅ አንደበቱ የሚቀናው ወንድማቸው ሃሩን ረዳት እንዲሆናቸው እንደጠየቁ ቁርኣን ይነግረናል። ልመናቸው ተሰማ፤ ረዳትም ተሰጣቸው፤ መልእክቱም ከእርሳቸው አልተነሳም። ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ደግሞ ቁርኣንን እየከበደውና እየተያዘ የሚያነብ ሰው ሁለት ምንዳ እንዳለው ነግረውናል። በዚህ ሐዲስ ውስጥ የመያዝ ትርጉም ያለው ቃል አል-አስመዒ ከላይ ስለጠቀስነው የ«ተ» እና የ«ፈ» መንተባተብ ሲናገር የተጠቀመበት ቃል ነው።

ሁለት ምንዳ የተነገረለትን ልጅ ከኋላ ወንበር ልናስቀምጠው አይገባም። ወደ ፊት እናምጣው፤ እናስመርምረው፤ እስኪጨርስም እናዳምጠው። አላህ የሁላችንንም አንደበት ያቅናልን።